በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ ኔትወርኮችን ስለ ማገናኘት

በዚህ ዓመት እዚህ ምዕራብ ዓባያ በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ያጋጠመኝን ችግርና ከእርሱ የተማርሁትን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ። ነገሩ ለአንዳንድ ወላጆች እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ከመነሻው እጀምራለሁ።

ስዊች ማለት የብዙ ኮምፒዩተሮች ኬብል የሚሰካበትና የአንዱን መልእክት ለሌላው የሚያደርስ መሣሪያ ነው። አንዱን ስዊች በውስጡ ከፋፍሎ እንደ ብዙ ስዊች ማሠራት ይቻላል፤ እያንዳንዱም ክፋይ ቪላን ይባላል። መልእክት ከስዊች ወደ ስዊች ሲሻገር የቪላኑ ቁጥር ይለጠፍበታል። ይህ ሥርዓት በ1998 እ.ኤ.አ. 802.1ኪው በተባለው ደንብ ተወስኗል፤ ለቁጥሩም 12 ቢት ስለ ተመደበ እስከ 4094 ቪላን መክፈል ይቻላል። ለእኛ ግን ሁለት ብቻ በቅቶናል፤ 10 ለጽሕፈት ቤት፣ 20 ለተማሪዎች።

የተከፈለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሁላችን ውጤት የተመዘገበው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ነው። ይሁን እንጂ የ12ኛ ክፍል መለማመጃ ጥያቄዎች ያሉበት ሰርቨርም በዚያው ወገን ስለ ነበር፣ ለፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረን ልናገኘው አልቻልንም። መምህራችንም «እስቲ አንተ ሞክረው» ብለው ሥራውን ሰጡኝ።

ተራ ስዊች ሁለት ቪላን አያገናኝም። የእኛው ግን ሌየር ሦስት የሚባለው ዓይነት በመሆኑ እንደ ራውተር መንገድ ይመራል። የራውቲንግ ሥራውን ከፍቼ ለ10ኛው ቪላን 192.168.10.1፣ ለ20ኛው ደግሞ 192.168.20.1 የሚል አድራሻ በስዊቹ ላይ ጻፍሁ። እነዚህ ጌትዌይ ይባላሉ፤ ከቪላኑ ወጥቶ የሚሄድ መልእክት ሁሉ አስቀድሞ የሚላከው ለእነርሱ ነው። በተማሪዎቹም ኮምፒዩተሮች ላይ የየቪላናቸውን ጌትዌይ ሞላሁ።

ከዚያም ሰርቨሩን በፒንግ ብጠራው ዝም አለ። ስዊቹ በሁለቱም አድራሻዎቹ ይመልስልኛል፤ ሰርቨሩ ግን የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ስዊቹን ስወቅስ ከረምሁ። በመጨረሻ ሰርቨሩን ስመለከት ጌትዌይ አልተጻፈበትም፤ እስከዚያ ቀን ከራሱ ቪላን ወጥቶ ስለማያውቅ አላስፈለገውም ነበር። ለካ መልእክቴስ ይደርስ ኖሯል፤ መልሱ ግን ጠዋት ከብርብር አርባ ምንጭ ሄዶ ማታ መመለሻ መኪና እንዳጣ መንገደኛ እዚያው ይቀራል። 192.168.10.1 ብዬ ብጽፍለት ወዲያው መለሰ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ውጤት የተመዘገበበትን ኮምፒዩተር ብጠራው እርሱም መለሰልኝ፤ መንገድ ሲከፈት የተከፈተው ለሁሉም ነውና። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ «እስቲ የእኔን ሒሳብ እየው» አለኝ። አልዋሽም፤ እኔም የራሴን ለማየት ፈልጌ ነበር። ኬብሉን ነቅዬ ለመምህራችን ነገርኋቸው።

መድኃኒቱ አክሰስ ሊስት የሚባል የፈቃድ ዝርዝር ነው። ከ20 ወደ ሰርቨሩ ብቻ ይለፍ፤ ወደ ቀረው 10 አይለፍ። ስዊቹ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ በገጠመው ስለሚፈርድ፣ ክልከላው ቢቀድም ኖሮ ሰርቨሩም አብሮ ይዘጋ ነበር። ጽፈን ስንሞክረው ሰርቨሩ መለሰ፤ የውጤቱ ኮምፒዩተር ዝም አለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንበር እስኪጠፋ ድረስ ክፍሉ ሞላ። ጓደኛዬም የሒሳብ ውጤቱን ያወቀው እንደ ሁላችን ካርድ ሲሰጥ ነው።