ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት

ቆዪ፣ ገንዘቡን ገና አትላኪ። ማስታወቂያው ማማሩን እኔም አይቻለሁ፤ ክትፎው፣ ዶሮው፣ ሙዚቃው፣ የልጆች መጫወቻው፣ ምንም የቀረ ነገር የለም። ባለፈው የበዓል ሰሞን የሄድሽበት የምግብ ፌስቲቫልም ማስታወቂያው እንዲሁ ያማረ ነበር። እማዬንና ልጆቹን ይዘሽ በጠዋት ወጥተሽ፣ ማታ ቤት ገብታችሁ ሽሮ ነው የበላችሁት።

ያን ቀን የሆነውን ስትነግሪኝ «እድሌ ነው» አልሽኝ። እድል አይደለም የኔ እህት፣ ስሌት ነው። አንዲት ሴት ድንኳኗ ውስጥ ብቻዋን ኩፖን ትቀበላለች፣ ጥብስ ታገላብጣለች፣ እንጀራ ትዘረጋለች፣ ጭልፋዋን ሳታስቀምጥ ለሚቀጥለው ሰው መልስ ትሰጣለች። አንድ ሰው ለማስተናገድ 2 ደቂቃ ቢፈጅባት፣ በሰዓት የምታበላው 30 ሰው ነው። ፊቷ 120 ሰው ከተሰለፈ የመጨረሻው ሰው 4 ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል። ስንት ሰው እንደሚገባና ስንት ምጣድ እንደሚጣድ አስቀድሞ ማስላት የነበረበት ትኬቱን የሸጠው አዘጋጅ ነው። እሷ ላይ መቆጣትሽ ልክ አልነበረም። የድንኳን ኪራይ ከፍላ፣ ሥጋውንና ቅቤውን በራሷ ገንዘብ ገዝታ የመጣች ሴት ናት፤ እንጀራው ሲያልቅባት ሥጋውም ሳይሸጥ ይቀርባታል። ቅሬታሽን ለሚመለከተው ሰው አድርጊው።

እኛ እኮ ድግስ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። እማዬ አንቺን ስትድር የጠራችውን ሰው አንድ በአንድ ቆጥራ ነው እንጀራ ያስጋገረችው፤ ዳስ አስጥላ፣ ወንበር ከዕድር አስመጥታ፣ አሳላፊ መድባ፣ እጅ የሚያስታጥብ ሰው በር ላይ አቁማ። ተጋብዞ ለመጣ እንግዳ ይህ ሁሉ ከተደረገ፣ ከፍለሽ ለገባሽበት ቦታ ከዚህ ያነሰ መቀበል የለብሽም።

ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደውዪና ጠይቂ። ስንት ትኬት ነው የሚሸጠው? ስንት ምግብ አቅራቢ አለ? ክፍያው በኩፖን ከሆነ የተረፈው ይመለሳል? ባለፈው የተረፉሽ ኩፖኖች ዛሬም ቦርሳሽ ውስጥ ናቸው፤ ለማንም የማይጠቅም ወረቀት ሆነው ቀሩ። መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ውኃ በበቂ አለ? ዝናብ ቢመጣ የት ይጠለላል? እንዲህ መጠየቅ ሰውን ማስቸገር እንዳይመስልሽ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝሽን ያዢ፣ ማስታወቂያውንም ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ቃል የተገባልሽ ሳይፈጸም ቢቀር ማስረጃሽ ይሄ ነው።

መልሱ አጥግቦሽ ከሄድሽ ደግሞ በሩ እንደተከፈተ ግቢ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሰው በአንዴ ይርበዋል። ልጆቹን ቁርስ ሳታበዪ እንዳትወስጃቸው። ጥሬ ገንዘብ ያዢ፤ ሰው ሲበዛ ኔትወርኩ ይጨናነቅና ቴሌብሩ እንቢ ይላል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ እማዬ ጾመኛ ናት፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ካልሆነ በቀር የጾሙ ድስትና ጭልፋ ከፍስኩ የተለየ መሆኑን ጠይቂላት።

ምግቡንም አይተሽ ግዢ። የበሰለ ምግብ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልተጠበቀ ባክቴሪያ ይራባበታል። ስለዚህ እሳት ላይ ያለውን ምረጪ፤ ቀዝቅዞ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ወጥ ይቅርብሽ። ለልጆቹ ጥሬ ክትፎ አትግዢ። ጥሬ የበሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያስይዝ ታውቂያለሽ፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ሌላ የሆድ ሕመም ይጨመርበታል።

ከሁሉም በላይ ግን እንደገባሽ መውጫውን እዪ። በአንድ ካሬ ሜትር 5 ሰው ያህል ከተጨናነቀ ሰው እንደልቡ መንቀሳቀስ ይቸግረዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው መቆም ያቅተዋል። ሁለቱም ትከሻሽ ከሰው ጋር ሲጣበቅ ከተሰማሽ ምግቡን ትተሽ ወደ ጎን እያልሽ ውጪ። ትንሿን እቀፊያት፤ ለትልቁም ስልክ ቁጥርሽን በወረቀት ጽፈሽ ኪሱ ውስጥ ክተቺለት። «ከፍዬ ገብቼ እንዴት ሳልበላ እወጣለሁ» ብለሽ እንዳትቆዪ። የከፈልሽው ብር ሄዷል፤ ልጆቹንና እማዬን በደህና ቤት ማስገባቱ ይበልጣል።

ደህና የተሰናዳ ፌስቲቫል መውደድሽን አልነቅፍም። አንድ ግቢ ውስጥ የጉራጌን ክትፎ፣ የሐረርን ምግብ፣ የትግራይን ጥሕሎ ለልጆችሽ ማቅመስ መልካም ነገር ነው። በደንብ ያሰናዳ ሰው ካገኘሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሪለት። ጥያቄሽን የሚያድበሰብስ ከሆነ ግን አንድ ብር እንዳትልኪ። ሰው ተርቦ የሚመለስበት ፌስቲቫል በየዓመቱ የሚደገመው እኛም ትኬቱን በየዓመቱ ስለምንገዛው ነው። በይ፣ አሁኑኑ ደውዪ፤ ልጆቹን እኔ እይዝልሻለሁ።