ፊደሉ አንድ፣ ትርጕሙ ብዙ

በስደት የሚኖር ወላጅ፣ ልጁ የፊደል ገበታውን ጨርሶ ቃል ከቃል አያይዞ ማንበብ ሲጀምር የሚሰማው ደስታ ታላቅ ነው። ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ንባብ ቤትን ከትርጓሜ ቤት የለዩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ ዳዊት ከደገመ፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ከያዘ በኋላ ቅኔ ቤት ገብቶ ግሥ ይቈጥራል። ከዚያም መጻሕፍት ቤት ሲደርስ፣ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ አስቀድሞ የሚያውቀውን ቃል እንደ አዲስ ይማራል። ፊደሉን ማወቅ ቃሉን ማወቅ አይደለምና።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው፣ በአንድ መልክ የተጻፈ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጕሙ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ጕዳዩ የቋንቋ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ቦታ ባልሰጠነው ነበር። እኛ በቅዳሴ ግእዝ፣ በቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ እንሰማለን፤ ልጆቻችን ደግሞ በትምህርት ቤት ኖርዌይኛ ይናገራሉ። ስለዚህ የእምነታችን ቃል ወደ ልጆቻችን የሚደርሰው ሦስት ደጃፍ አልፎ ነው። በየደጃፉም የሚጥለው አለ፤ የሚጨምረውም አለ።

፩. የጎረቤት ቋንቋዎች ነገር

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን፣ አስቀድመን የሌሎችን እንይ። ኖርዌያውያንና ስዊድናውያን አስተርጓሚ ሳይሹ ይነጋገራሉ። ሆኖም ሁለቱም አስተካክለው የሚጽፉት «ሩሊግ» የሚለው ቃል ለኖርዌያዊው «ጸጥ ያለ፣ የተረጋጋ» ሲሆን ለስዊድናዊው «የሚያስቅ፣ የሚያስደስት» ነው። ኖርዌያዊው «ምሽቱ ጸጥ ያለ ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ ስዊድናዊው ድግስ የነበረ ሊመስለው ይችላል።

የባቡሩ መስመር በሚያበቃበት በቬስትሊ ደግሞ፣ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ዐረብኛ ተናጋሪውና ፋርስኛ ተናጋሪው ሲተላለፉ ይውላሉ። የሁለቱም ጽሕፈት የዐረብ ፊደል ነው፤ ፋርስኛው የጨመረው ጥቂት ምልክት ብቻ ነው። ቋንቋዎቹ ግን በትውልድ ዘመድ አይደሉም። ዐረብኛ እንደ ግእዝና እንደ ዕብራይስጥ ሴማዊ ነው፤ ፋርስኛ ግን ከኖርዌይኛ ጋር የሚቈጠር የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች ወገን ነው። ከእስልምና መስፋፋት በኋላ ፋርስኛ ከዐረብኛ እጅግ ብዙ ቃል ተዋሰ፤ የተዋሰውንም በራሱ መንገድ ወሰደው። ለምሳሌ «ከሢፍ» የሚለው ጽሕፈት በዐረብኛ «ጥቅጥቅ ያለ» ማለት ነው፤ የሴት ልጅ ጠጕር ሲወፍርና ሲበዛ የሚመሰገንበት ቃል ነው። በፋርስኛ ግን ያው ጽሕፈት «ቆሻሻ» ማለት ሆኗል። የኢራቋ እናት የጎረቤቷን ልጅ ጠጕር ለማድነቅ ይህን ቃል ብትጠቀም፣ ኢራናዊቷ የምትሰማው ስድብ ነው። «ኢንቂላብ»ም እንዲሁ ነው፤ ዐረቡ በመፈንቅለ መንግሥት ትርጕም ይይዘዋል፤ ኢራናዊው ግን እ.ኤ.አ. በ1979 በአገሩ የተነሣውን አብዮት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

፪. ላም፣ እንጀራና ሥጋ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በግእዝ «ላሕም» የቀንድ ከብት ነው። ትግርኛ «ላሕሚ» ይላል፤ አማርኛም «ሐ»ን ውጦ «ላም» ይላል። በዐረብኛ «ላሕም» ሥጋ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሌሔም» እንጀራ ነው። ሊቃውንተ ቋንቋ ይህን ሲተረጕሙ፣ ሥሩ በጥንት ዘመን «ዋና ምግብ» ማለት ሳይሆን አልቀረም ይላሉ። አራሹ ሕዝብ ዋና ምግቡ እንጀራ ስለሆነ ቃሉን ለእንጀራ ሰጠው፤ አርቢው ለሥጋ ሰጠው፤ የእኛ አባቶች ደግሞ ለከብቲቱ ሰጡት። በቬስትሊ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ላም» ሲባል የበግ ግልገል ቢሥልም ልንቈጣው አይገባም፤ በኖርዌይኛ «ላም» ግልገል ነውና።

ከዚህ ሥር የወጣ፣ ሁላችን የምናውቀው ስም አለ፤ ቤተ ልሔም ነው። ዕብራዊው «የእንጀራ ቤት» ብሎ ይሰማዋል። ዛሬ በዚያች ከተማ የሚኖረው ዐረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያን በራሱ ቋንቋ «የሥጋ ቤት» የሚል ስም ይሰማል። አባቶቻችን ግን በአገራችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ለቍርባን የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት «ቤተ ልሔም» ብለው ሰየሙት። በራሳቸው ቋንቋ ላሕም ከብት ሆኖ ሳለ፣ የዕብራይስጡን ምሥጢር ጠብቀው «የእንጀራ ቤት»ን በሥራ ተረጐሙት። ከዚያ የወጣው ኅብስት በመቅደስ ሥጋ አምላክ ይሆናል። እንጀራ የሚለው ዕብራይስጥና ሥጋ የሚለው ዐረብኛ በመንበሩ ላይ ይገናኛሉ ብሎ መምህር ቢያስተምር፣ ለልጅ የማይረሳ ትምህርት ይሆነዋል። በስደት የተለየ ቤተ ልሔም መሥራት ለብዙዎቻችን አልተቻለም፤ ስሙንና ትርጕሙን ማስተማር ግን ይቻላል።

በአንድ ሥር ተወልዶ በየአገሩ መለያየት በሕይወት ላይም ችግር ያመጣል። በትግርኛ «ከብዲ» ሆድ ነው፤ በዐረብኛ «ከቢድ» ጉበት ነው። ሐኪም ዘንድ «ከብደይ» ብላ የምታመለክት እናት፣ አስተርጓሚው ትግርኛውን በዐረብኛ በኩል የሚገምት ከሆነ፣ የሆዷ ሕመም የጉበት ሕመም ሆኖ ይጻፍባታል።

፫. ግእዝና አማርኛ

ከሁሉ የሚያሳስተን ግን ሩቅ ያለው ቋንቋ ሳይሆን ቅርብ ያለው ነው። የዐረብኛውን ቃል ካላወቅን እንጠይቃለን፤ የግእዙን ግን እንደምናውቀው ስለምናስብ አንጠይቅም። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

የመጀመሪያው «ነበረ» ነው። በአማርኛ ያለፈ ነገር ማመልከቻ ነው፤ «ነበረ» ስንል ብዙ ጊዜ አሁን የለም ማለታችን ነው። በግእዝ ግን «ተቀመጠ» ማለት ነው። መንበርና ወንበር የዚህ ግሥ ልጆች ናቸው። በጸሎተ ሃይማኖት ጌታችን ካረገ በኋላ በአባቱ ቀኝ መቀመጡ የሚነገረው በዚህ ቃል ነው። አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ ይህን ሲያነብ «ድሮ በዚያ ነበረ» ብሎ ቢረዳ፣ የዘላለም ክብር የሚመሰክረው ቃል ወደ ትዝታ ተለወጠበት ማለት ነው።

ሁለተኛው «ዕፅ» ነው። በግእዝ ዛፍ፣ እንጨት ነው፤ ዕፀ ሕይወትና ዕፀ መስቀል የምንለው ስለዚህ ነው። ዕፅዋት ለመድኃኒት ስለሚውሉ ቃሉ በአማርኛ ወደ መድኃኒቱ አዘነበለ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ በጋዜጣና በሬዲዮ «አደንዛዥ ዕፅ» በሚለው አነጋገር ተለመደ። በትምህርት ቤቱ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጕዳት የተማረ ወጣት፣ በመስቀል በዓል ስለ ዕፀ መስቀል ሲሰማ ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ሦስተኛው «ሐሳብ» ነው። ለእኛ የልብ ነገር፣ አንዳንዴም ጭንቀት ነው። በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም የሚጠራውን የዘመን አቈጣጠር ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» ስንል ግን ሐሳብ ማለት ቍጥር፣ ስሌት ነው፤ የስሌት ባሕር ማለታችን እንጂ የምኞት ባሕር ማለታችን አይደለም። ዐረቡም «ሒሳብ» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ «ሒሳብ»ን ከዐረብኛ ለገበያና ለትምህርት ቤት ስለ ተቀበልን፣ አንዱ ሥር በሁለት በር ወደ ቤታችን ገብቶ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይተዋወቁ በአንድ ቤት ይኖራሉ።

፬. የዕንቍው መንገድ

እስከ አሁን ያየነው ለዚህ ክፍል መንደርደሪያ ነው። ስለ ሃይማኖታችን ስንናገር አብዝተን ከምንጠራቸው ቃላት አንዱ «ባሕርይ» ነው። በዛሬው አማርኛ ባሕርይ ጠባይ ነው፤ «ልጁ ጥሩ ባሕርይ አለው» እንላለን። ታዲያ ስለ ጌታችን «አንድ ባሕርይ» ስንል ልጃችን ምን ይሰማል?

የቃሉን መንገድ ከሩቅ እንጀምር። በፋርስ አገር «ጎሀር» የከበረ ድንጋይ ነው፤ ደግሞም የአንድ ነገር ውስጣዊ ማንነት፣ ዘር ማለት ነው። ዐረቦች ቃሉን ተቀብለው፣ «ገ» የሚለው ድምፅ በፊደላቸው ስለሌለ «ጀውሀር» አሉት። በባግዳድ የግሪክ ፍልስፍና ወደ ዐረብኛ ሲተረጐም፣ አርስጣጣሊስ «ኡሲያ» ያለውን፣ ማለት የአንድ ነገር መሠረታዊ ማንነት፣ ተርጓሚዎቹ በዚህ ቃል ተረጐሙት። ዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ክርስቲያኖችም ምሥጢረ ሥላሴን ሲጽፉ አንድ ጀውሀር ብለው ጻፉ። ቃሉ በዚህ አላቆመም፤ ከዐረብኛ ወደ ፋርስኛ ተመልሶ ገባ፤ ዛሬ ኢራናዊው «ጆውሀር» ሲል ብዙ ጊዜ የብዕር ቀለም ማለቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ጽሕፈት ፊት ዐረቡ ዕንቍንና ህላዌን ሲያይ፣ ፋርሱ ቀለምን ያያል።

በእኛ ዘንድ «ባሕርይ» ከ«ባሕር» የወጣ ቃል ነው፤ ከባሕር የሚገኝ ዕንቍ ማለት ነው። በክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የሚነገረው ዕንቍ ስሙ ይኸው ነው። በዜማችንም እመቤታችን በአዳም ውስጥ ታበራ እንደ ነበረች የምትመሰለው በነጭ ዕንቍ፣ በጸዓዳ ባሕርይ ነው። ይህን «ነጭ ጠባይ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ምሳሌውን ገደለው ማለት ነው።

ከ13ኛው መቶ ዘመን በኋላ ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሱ፤ ፍትሐ ነገሥትና ሃይማኖተ አበው ከእነርሱ መካከል ናቸው። ዕንቍንም ህላዌንም በአንድ ቃል የሚጠራውን ጀውሀርን በግእዝ ለመግለጽ፣ ዕንቍ የሚለው ባሕርይ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። «ጠባይ»ም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ በግእዝ «ጠባይዕ» የተባለው፣ ተፈጥሮን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ሁለቱም ቃላት ከነገር ሥር ተነሥተው፣ በአማርኛችን ወደ ሰው አመል ወረዱ።

የቃል ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቲያኖች የተለያዩበት የግሪክ ቃል «ፊሲስ» ነው፤ እኛ ባሕርይ የምንለው ነው። ቅዱስ ቄርሎስ ቃሉን ሲናገር ወደ አካል በቀረበ ትርጕም ነበር፤ ሌሎቹ ግን ከአካል ለይተው ይናገሩት ነበር። ከ1,500 ዓመት በኋላ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የሁለቱ ወገን ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት ተሰብስበው ተነጋገሩ። በቃል አጠቃቀም ቢለያዩም፣ አንዱ በሌላው ዘንድ አንዲቱን ኦርቶዶክሳዊት ሃይማኖት እንዳየ መሰከሩ። ውይይቱም በብሪስቶል፣ በጄኔቫ፣ እ.ኤ.አ. በ1971ም በአዲስ አበባ ቀጠለ። የቍርባን አንድነቱ ገና አልተመለሰም። በአንድ ቃል የተጀመረ መለያየት በብዙ ቃል እንኳ በቀላሉ አይጠገንም።

፭. ምን እናድርግ?

ልጆቻችን «ባሕርይ» ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙዎቻችን በኖርዌይኛ «ናቱር» እንላለን። ቃሉ በሥነ መለኮት ትክክል ነው። ነገር ግን የቬስትሊ ልጅ «ናቱር» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ጫካ፣ በእሑድ የሚኬድበት መንገድ ነው። የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሃይማኖት ወልድ ከአብ ጋር በህላዌ አንድ መሆኑን የምትናገረው «ቬሰን» በሚል ሌላ ቃል ነው፤ ይህም በተራ ንግግር «ፍጡር» ሊባል ለሚችል ነገር ሁሉ ይውላል። ስለዚህ ወላጅ አንድ የኖርዌይኛ ቃል ሰጥቶ ዝም ሊል አይገባውም።

የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቃሉን ከመፍታት በፊት «ይህ ቃል አሁን የሚናገረው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለልጅ ከረቂቁ ትርጕም በፊት የቃሉን ሥዕል እንስጠው፤ ለነበረ ወንበሩን፣ ለቤተ ልሔም እንጀራውን፣ ለባሕርይ ዕንቍውን እናሳየው። ዕንቍን ዕንቍ ያሰኘው ላዩ ላይ የተቀባ ነገር ሳይሆን ራሱ የሆነው ነገር መሆኑን ያየ ልጅ፣ ባሕርይ አመል አለመሆኑን ለመረዳት ቅርብ ነው። ሦስተኛ፣ በየቤታችን አንድ ደብተር ይኑር፤ በአንድ ረድፍ ግእዙ፣ በሁለተኛው አማርኛው ወይም ትግርኛው፣ በሦስተኛው ኖርዌይኛው ይጻፍ። ልጁ ኖርዌይኛውን ለወላጁ ያስተምራል፤ ወላጁ ግእዙን ከካህኑ ጠይቆ ለልጁ ያመጣል።

ይህ ለጉባኤያችንም ይጠቅማል። ከአንድ አገር ወጥተን በአንድ ጣሪያ ሥር የምንጸልይ ሰዎች፣ ወንድማችን በተናገረው ቃል ከመቀየማችን በፊት «ምን ማለትህ ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ከጠባችን ብዙው በዚያው ይቀራል። የኢራቋ እናት የጎረቤቷን ልጅ ጠጕር ልታመሰግን ነበር የፈለገችው።