ሥነ ልቡናን መማር ለክርስቲያን ወጣት ምን ይጠቅመዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ኮሌጅ ስንገባ ከሚቀርቡልን የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ሳይኮሎጂ ወይም ሥነ ልቡና ነው። ይህን መርጠናል ስንል ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙናል። ወላጆቻችን «ምን እንጀራ ያበላል?» ይሉናል። አንዳንድ ወንድሞቻችን ደግሞ «የነፍስን ነገር ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ማን ሊያስተምራችሁ ነው?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከፍቅር የመጡ ናቸውና መልስ ይገባቸዋል። ስለዚህ ትምህርቱ በአሜሪካ ትንንሽ ኮሌጆች እንዴት እንደሚሰጥና ለእኛ ምን እንደሚጠቅም አብረን እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ትምህርቱ ምንድን ነው?

ሳይኮሎጂ የሚለው ስም ነፍስና ቃል የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ በኮሌጅ የሚጠናው ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ስለሚሆነው ነገር አይደለም። ሰው እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት እንደሚያስታውስና እንደሚፈራ፣ ከሰው ጋር ሲሆንም ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ ነው የሚጠናው። ጀርመናዊው መምህር ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል ካቋቋመ ወዲህ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ ይቆጠራል።

የሰውን አሳብ መመርመር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የልብን አሳብ በጥልቀት ይመረምራሉ። ዓላማቸው ግን ከሳይንሱ ይለያል። አባቶች የሚመረምሩት ሰውን ወደ ንስሐና ወደ ጸሎት ለመምራት ነው፤ ሳይንሱ ደግሞ ሊታይና ሊፈተን የሚችለውን ብቻ ይናገራል። የአንዱን ሥራ ከሌላው ካልጠበቅን፣ ተማሪው እምነቱን ከኮሌጁ በር ላይ ጥሎ የሚገባበት ምክንያት የለም።

፪. በትንሽ ኮሌጅ እንዴት ይሰጣል?

በአሜሪካ ሊበራል አርትስ የሚባሉት ኮሌጆች ብዙዎቹ ጥቂት ተማሪዎች ያሏቸውና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ተማሪው በአራቱ ዓመታት ውስጥ ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ ሒሳብንና ሥነ ጽሑፍን እየቀመሰ፣ ዋና ትምህርቱን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ይመርጣል። ሥነ ልቡናን የመረጠ ተማሪ ከመግቢያው ትምህርት ቀጥሎ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ይጠብቁታል። የሰውን ጭንቀት ልንሰማ መጥተን ቁጥር ሲቀርብልን ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። ነገር ግን ምክንያት አለው። ስለ ሰው ጠባይ የሚነገር ነገር ሁሉ በቀላሉ እውነት ይመስላል፤ ስለዚህ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅን ማስተማር ይቀድማል።

፫. አንድ ምሳሌ

በፊላደልፊያ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ስዋርዝሞር ኮሌጅ በ1864 ኩዌከር በሚባሉ ክርስቲያኖች የተመሠረተ ነው። ከ1947 ጀምሮ ለ19 ዓመታት ያህል በዚያ ካስተማሩት አንዱ በ1907 በዋርሶ የተወለደው ሶሎሞን አሽ ነው። የሠራው ምርመራ ዛሬም በመግቢያው ትምህርት ላይ ይጠናል።

አንድ ተማሪ ከሌሎች ስድስት ወይም ሰባት ወጣቶች ጋር ይቀመጣል። አንድ መሥመር ይታያቸውና ከሌሎች ሦስት መሥመሮች ውስጥ በርዝመት የሚተካከለውን በየተራ ድምፃቸውን አሰምተው እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። ሌሎቹ ወጣቶች ግን ከመምህሩ ጋር አስቀድመው የተስማሙ ናቸው፤ ከ18ቱ ጥያቄዎች በ12ቱ ላይ ሆን ብለው ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምንም የማያውቀው ተማሪ ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ነው። ዓይኑ አንድ ነገር ያሳየዋል፤ ጆሮው ሌላ ይሰማል።

በ1956 በታተመው ጽሑፍ 123 ተማሪዎች እንደዚህ ተፈትነዋል። በእነዚያ 12 ጥያቄዎች ላይ ከሰጧቸው መልሶች ከመቶ 37 ያህሉ የብዙኃኑን ስሕተት የተከተሉ ነበሩ። ብቻቸውን ሆነው የሚመልሱ ተማሪዎች ግን የሚሳሳቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከተፈተኑት አራተኛው እጅ ያህሉ አንድ ጊዜም ስሕተቱን አልተከተሉም። ጫናውን ለመፍጠርም ብዙ ሕዝብ አላስፈለገም፤ ሦስት ሰዎች ይበቁ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ይህ ነው፦ ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ ብዙኃኑን የመከተሉ ስሕተት ወደ ሩብ ያህል ወረደ።

በትንሹ ክፍል ውስጥ ይህ ተነግሮ ብቻ አይታለፍም፤ ተማሪዎቹ ይከራከሩበታል። የተፈተኑት ሁሉ ወንዶች፣ ያውም የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች አልነበሩምን? በሌላ አገርስ እንዲሁ ይሆናልን? በ1996 ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ከግለሰቡ ይልቅ ማኅበሩን በሚያስቀድሙ አገሮች ብዙኃኑን መከተል በርትቶ ተገኝቷል። እኛ ደግሞ ተሰብስቦ መብላትን፣ ተሰብስቦ ማልቀስን የምንወድ ሕዝብ ነን። አንድነታችን በረከት ነው፤ ዝም የሚያሰኘንም ጊዜ አለ።

፬. ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከመካከላችን አንድ ወንድም እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ሸሽቶ፣ ከመዝሙር ጥናት ቀርቶ ሲሰነብት አንዱ «ሰንፏል» ይላል። ሁለተኛው «እምነቱ ቀዝቅዞ ነው» ይላል። ሦስተኛው ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። አራተኛው በልቡ «ታሞ ቢሆንስ?» እያለ ዝም ይላል። ያ ወንድም ሳይጠየቅ የሚቀረው ክፉዎች ስለሆንን አይደለም፤ አንድ ሰው ቀድሞ ስላልተናገረ ነው። አንድ ድምፅ ቢሰማ ሌላውም አፉን ይከፍታል። ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪም ቤት መሄድን አይከለክሉምና ሁለቱንም ይዘን ወደ እርሱ እንሂድ።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው እናውቃለን። ኒቆዲሞስም በሸንጎ መካከል፣ ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ብቻውን መናገሩን ከዮሐንስ ወንጌል ተምረናል። አሽ በመሥመሮች ያሳየን ነገር ይህንን አይሽረውም፤ ዝም ስንል ሌላውን ብቻውን እንደምንተወው በቁጥር ያስታውሰናል እንጂ።

፭. ጥንቃቄና መልስ

ሁለት ኮርስ የወሰደ ተማሪ እናቱን፣ ጓደኛውንና የንስሐ አባቱን በበሽታ ስም መጥራት ቢጀምር ትምህርቱን አልተማረም ማለት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ማንንም ሐኪም አያደርግም። በአሜሪካ ሳይኮሎጂስት ተብሎ ሕሙማንን ለማከም በአብዛኛው የዶክትሬት ዲግሪና የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለምክር አገልግሎት ደግሞ ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ ይጠየቃል። ወላጆቻችን ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ይበጃል። በመጀመሪያ ዲግሪ በትምህርት ቤቶች፣ በማኅበራዊ አገልግሎት፣ በሠራተኛ አስተዳደርና በምርምር ረዳትነት መሥራት ይቻላል። ይህ እንጀራ ያበላል። ከዚያ በላይ ግን፣ ሰውን ከመፍረዳችን በፊት «በምን አወቅን?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልብ ለማኅበራችን ትልቅ ሀብት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. በጉባኤያችን ሁሉም ተስማማ በተባለበት ጊዜ ዝም ያሉትን እንዴት እንጠይቅ?
፪. የአእምሮ ሕመም የደረሰበትን ወንድም ወይም እኅት ማን ቀድሞ ይጎብኝ?
፫. የአባቶችን ትምህርትና የኮሌጁን ትምህርት ምን ያገናኛቸዋል? ምንስ ይለያቸዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።