«የማን ልጅ ነው?»



«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወላጆቻችን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ፣ እኛ ደግሞ ከቅጂው ሰምተነዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የጎጃምን ገጠር የሚናገር ቢሆንም ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ጎረቤቱን ያገኝበታል።

በዛብህ የድኻ ልጅ፣ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ሊያስተምራት ገብቶ ተዋደዱ። አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ዕድሜዋን ያሳለፉባት ልጅ ለድኻ እንዴት ትሰጥ? ይህን ግድግዳ ሁሉም ያየዋል። እኛን ይበልጥ ያከራከረን ግን ሌላው ነው። በዛብህን ወላጆቹ በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ስለዚህ ማግባት ስእለት ማፍረስ ሆኖ ይታየዋል። ሐናም ሳሙኤልን ተስላ ሰጥታለች። ሳሙኤል ግን ልጆች እንደ ነበሩት በ1ኛ ሳሙኤል 8 እናነባለን! ታዲያ በዛብህን ያሰረው ስእለቱ ነው ወይስ ሰው ለስእለቱ የሰጠው ትርጉም?

ወደ ወለጋ እንመለስ። በኦሮሞ ባህል «አሴና» የሚባል ጋብቻ አለ። ልጅቱ ራሷ ወደ መረጠችው ወንድ ቤት ትገባለች፤ ነገሩም በሽማግሌ ያልቃል። ሰብለ እዚህ ብትወለድ ኖሮ ያሰኛል። ነገር ግን ይኸው አገር ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን በጋብቻ አያቀርብም ነበር፤ ማረሻውን ከማን እንደሚያሠራ እያወቀ። «ቡቲ» የሚባለው ጠለፋም ነበረ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ የተጠለፈችው ከጠላፊዋ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክሱን ያስቀር ነበር። ይህ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» ፊልም ከዚያ በፊት ጠላፊዋን ገድላ ስለ ተከሰሰች የገጠር ተማሪ ይተርካል፤ መነሻውም እውነተኛ ታሪክ ነው።

ዛሬ ወጣት ሲታጭ በየቤቱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው። አንዳንዱ የሚጠይቀው አባትየውን ለማወቅ ነው። አንዳንዱ ግን የአባትየውን ስም ሳይሆን የአያትየውን ሥራ ነው የሚፈልገው።

በሚመጣው እሑድ ስለ ካሣ ዳምጤ እንወያያለን። የዘመዶቹን ልማድ በግልጽ ቢነቅፍ «ጉዱ ካሣ» አሉት። እብድ ነበር ወይስ ጤነኛ? ከመጽሐፉ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።