የተሰወረው ካርድ

ጥያቄ፦ ከመካነ ሰላም። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር የኔትወርክ ካርድ አልፎ አልፎ ድንገት ይሰወራል፤ ሊኑክስ የመዘገበው «ከባድ የባስ ስህተት» ይላል። ማሽኑን ሳናጠፋ ካርዱን መመለስ አይቻልም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ካርዱ የሚሰካበት ባስ፣ ፒሲአይ ኤክስፕሬስ፣ ሦስት ዓይነት ስህተት ያውቃል፦ ሃርድዌሩ ራሱ የሚያርመው፣ የማይታረም ሆኖ መስመሩን የማይጎዳ፣ እና መስመሩን ጭምር እምነት የሚያሳጣ። የጠያቂው ሦስተኛው ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ካርዱን ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ቢቱ 1 የሆነ ቁጥር ይመለስለታል፤ መልስ ይመስላል እንጂ ዝምታ ነው።

ሊኑክስ በ2006 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.6.19 ከርነል ጀምሮ ለዚህ ኤኢአር የሚባል ክፍል አለው። መጀመሪያ ድራይቨሩን «ስህተት ደርሷል፣ እጅህን ሰብስብ» ይለዋል። ከዚያ መስመሩን ዳግም ያስጀምራል፤ ድራይቨሩም ካርዱን እንደ አዲስ አሰናድቶ ሥራውን ይቀጥላል።

ችግሩ ያለው ድራይቨሩ ላይ ነው። ይህን ጥሪ የሚቀበል ኮድ ካልተጻፈለት ከርነሉ ማዳኑን ይተወዋል። የኢንቴሉ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር አይጂቢና የኤንቪኤምኢ ዲስኮች ድራይቨር ኮዱ አላቸው፤ ብዙዎች ግን የላቸውም። ባዮሱ ኤኢአርን ለሊኑክስ ካልለቀቀም ነገሩ ከመነሻው ላይሠራ ይችላል።

ድራይቨሩ ካልረዳ ካርዱን ከሲስተሙ አስወግዶ ባሱን በትእዛዝ ዳግም ማስፈተሽ ይሞከራል፤ የሚሠራው ግን መስመሩ በሕይወት ካለ ብቻ ነው። ስህተቱ ከተደጋገመ ሶፍትዌር ላይ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ካርዱ በደንብ ይሰካ፣ ማስገቢያው ይቀየር፣ ፓወር ሳፕላዩም ይፈተሽ።