የእጅ ሥራን በዐውደ ርእይ ማየትና ማሳየት

ጣቢታ የተባለችው ደገኛ ሴት በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ፣ መበለቶቹ ቅዱስ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ በሕይወት ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች እንዳሳዩት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ተጽፏል። በዚያ ሰገነት ላይ ልብሱ ብቻውን አልታየም፤ የሠራችው እጅ፣ የተሠራበት ፍቅርና የለበሱት ድኾች አብረው ታዩ። ይህ ታሪክ በየአጥቢያው፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በልማት ሥራዎቻችን ለምናዘጋጃቸው የእጅ ሥራ ዐውደ ርእዮች መለኪያ ሊሆነን ይገባል።

ብዙ ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበው ያለቀ ዕቃ ነው። መስቀሉ፣ መሶቡ፣ የጥበብ ቀሚሱ፣ የብራና መጽሐፉ ዋጋው ተጽፎ ይቀመጣል፤ ተመልካቹም «ያምራል» ብሎ ያልፋል። ተመልካቹ ተምሮ፣ ባለሙያውም ተከብሮ እንዲመለስ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል።

1ኛ. ከምን ተሠራ?

በዚህ ረገድ በሀገራችን የሚጠቀስ ምሳሌ በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ይህ ሙዚየም ግድግዳው የቆመው አባቶቻችን ቤት በሠሩበት በጭቃና በጭድ ነው። ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችንና ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን አቀናጅቶ በሚሠራቸው ሰፋፊ ሥዕሎቹም በውጭው ዓለም ይታወቃል። ተመልካች ከሥዕሉ ፊት ሲቆም ውበቱን ብቻ አያይም፤ «ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት መጣ? እኛስ የጣልነው የት ደረሰ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ጥሬ ዕቃው ራሱ መምህር ሆነ ማለት ነው።

2ኛ. ማን፣ እንዴት ሠራው?

የብራናን ሥራ እንመልከት። የፍየሉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይገፈፋል፤ ጠጕሩ ይፋቃል፤ ከዚያም በድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ የመቃው ብርዕ ይቀረጻል። ጸሓፊው ሥራውን የሚጀምረው ይህ ሁሉ ድካም ካለፈ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ በማኅበረሰባችን ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ወንጌል የተጻፈው በተፋቀ ቆዳ ላይ ሆኖ ሳለ ቆዳ ፋቂውን መናቅ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ያለ አንጥረኛና ያለ ሸክላ ሠሪ ከተማ እንደማይቆም ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። ስለዚህ የባለሙያው ስም ያልተጻፈበት ዐውደ ርእይ የቀደመውን ንቀት ሳያውቅ ይደግመዋል።

3ኛ. ስንት ዘመን ያገለግላል? ሲያረጅስ?

በትግራይ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌላት ከ1,300 ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው በካርቦን ምርመራ ታውቋል። በደንብ የተሠራ ዕቃ ይጠገናል፣ ይሰፋል፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በአንጻሩ ርካሽ ብለን የምንገዛው የፕላስቲክ ዕቃ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተሰብሮ ለዘመናት የማይበሰብስ ቆሻሻ ይሆናል። የእጅ ሥራም ቢሆን ጥሬ ዕቃው ካልተተካ አይዘልቅም። ለመጽሐፍ ገበታና ለመቋሚያ የሚሆነውን ወይራ የምንቆርጥ ከሆነ፣ በአጥቢያችን ደን ውስጥ ምትኩን መትከል የሥራው አንድ ክፍል ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

ከባለቀው ዕቃ ጎን የተጀመረውንም እናስቀምጥ፤ የተወጠረው ቆዳ፣ ያልተፈተለው ጥጥ፣ ያልተሰፋው አክርማ ይታይ። ባለሙያው ራሱ መሣሪያውን ይዞ ይቀመጥ፤ ወጣቶችም በእጃቸው ይሞክሩ። በዕቃው ላይ የሠሪው ስም፣ የመጣበት ስፍራና ሥራው የወሰደው ቀን ይጻፍ፤ ዋጋውም ከዚህ ድካም ይነሣ። የተባረኩ ንዋያተ ቅድሳትና ጥንታውያን መጻሕፍት ግን የገበያ ማድመቂያ አይደሉም፤ ለትምህርት ሲፈለጉ በሚመለከታቸው አባቶች ፈቃድና ጥበቃ ብቻ ይታዩ። ለሽያጭ የሚቀርበው ባለሙያዎቹ አዲስ የሠሩት ይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ምእመናን እነማን ናቸው? በማኅበራዊ ሕይወታችንስ ምን ስፍራ ሰጥተናቸዋል?
2. ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከምትገዛቸው ዕቃዎች መካከል በአካባቢው ባለሙያዎች ሊሠሩ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው?

በኢዮጴ የነበሩት መበለቶች ያሳዩት ልብስ ነበር፤ ያስመሰከሩት ግን ስለ አንዲት ሠራተኛ ክብር ነው። የእኛም ዐውደ ርእይ ይህን ያህል ቢናገር ድካማችን ከንቱ አይሆንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።