የቡይ ቱንግ ፎንግ አጭር የምርምር ዘመን፤ በኮምፒዩተር ሥዕል ላይ የብርሃን አሰላል ጥያቄ

በጁን ወር 1975 እ.ኤ.አ. ኤሲኤም በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር በሚያሳትመው ወርኃዊ መጽሔት ላይ፣ በኮምፒዩተር የሚፈጠሩ ሥዕሎች ብርሃን እንዴት እንደሚሰላላቸው የሚያስረዳ ባለ ሰባት ገጽ ጽሑፍ ታተመ። የጽሑፉ ባለቤት ቡይ ቱንግ ፎንግ በቀጣዩ ወር ከጽኑ ሕመም በኋላ በ32 ዓመቱ ዐረፈ። በኮምፒዩተር ግራፊክስ ረገድ የሚታወቅበት ሥራ በ1973 ያጠናቀቀው የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍና ከእርሱ የተቀዳው ይህ አጭር መጣጥፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ዛሬም በማንኛውም የግራፊክስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ አጭር ጥናት የሚመረመረው የሥራው ዝና ሳይሆን ይዘቱ ነው። «ፎንግ» የሚለው ስም በትምህርት ክፍሎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለመጥራት ያገለግላል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው ጋር ያደባልቃሉ፤ ሁለቱ ከአንድ ጽሑፍ ቢወጡም ከዚያ በኋላ የገጠማቸው ዕጣ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ፎንግ በ1942 በሃኖይ ተወለደ። በ1954 ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሳይጎን ተዛወረ፤ በ1964 ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ አቀና። በግርኖብል ተምሮ በ1968 ከቱሉዝ በምህንድስና ከተመረቀ በኋላ፣ በፈረንሳይ የኢንፎርማቲክስና የአውቶሜሽን የምርምር ተቋም ተቀጥሮ በኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሠራ። ወደ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣው በሴፕቴምበር 1971 በምርምር ረዳትነት ነው። ከዚያ እስከ ዶክትሬቱ ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ሕመሙን ተማሪ ሳለ ያውቀው እንደ ነበር ይነገራል።

የዩታው የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል በዚያን ጊዜ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን በዴቪድ ኢቫንስ መሪነት፣ በአይቫን ሰዘርላንድ ተሳትፎና በአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ገንዘብ አንድን ጥያቄ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ይኸውም በኮምፒዩተር እውነተኛ የሚመስል ሥዕል መፍጠር ነው። ተማሪዎቹ የሚሠሩት በእጃቸው በሚገኝ ነገር ላይ ነበር። የሰዘርላንድ ተማሪዎች አንድ የቮልስዋገን መኪና ገላ ላይ ነጥቦችን ምልክት አድርገው በሜትር ለክተዋል። ኤድዊን ካትመል በ1972 የግራ እጁን በጀሶ ቀርጾ፣ በቅርጹ ላይ 350 የሚያህሉ ትናንሽ ጎነ ብዙዎችን ሥሎና ለክቶ ከፍሬድ ፓርክ ጋር ያንን እጅ በፊልም ላይ አንቀሳቅሶታል። በኮምፒዩተር አኒሜሽን ታሪክ ውስጥ ይህ ፊልም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

እነዚህ ምሳሌዎች የወቅቱን ችግር ያሳያሉ። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ጠፍጣፋ ጎነ ብዙዎችን እንጂ ክብ ገላን አልነበረም። እያንዳንዱ ጎነ ብዙ አንድ ወጥ ቀለም ቢሰጠው እጁ ወይም መኪናው የተፈለፈለ ድንጋይ መስሎ ይታያል። የጎነ ብዙዎቹን ቁጥር ማብዛትም በዚያን ዘመን ማህደረ ትውስታ የሚቻል አልነበረም።

የመጀመሪያውን መፍትሔ ያመጣው እዚያው ዩታ የተማረው ፈረንሳዊ ኦንሪ ጉሮ ነው። ጉሮ በ1971 ባቀረበው ዘዴ የብርሃኑ መጠን የሚሰላው በጎነ ብዙው ማዕዘናት ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ፒክስሎች የማዕዘናቱን ዋጋ በተመጣጣኝ እየተካፈሉ ይሞላሉ። ስሌቱ ርካሽ፣ ውጤቱም ለስላሳ ነው። ነገር ግን ሁለት እንከኖች አሉት። አንደኛ፣ በሁለት ጎነ ብዙዎች መጋጠሚያ ላይ የብርሃኑ አለዋወጥ በድንገት ስለሚቀየር ዓይን በዚያ ቦታ የሌለ መስመር ያያል፤ ይህ በኤርንስት ማኽ ስም የሚጠራው የእይታ ክስተት ነው። ሁለተኛ፣ አብረቅራቂው ነጥብ በጎነ ብዙው መሃል ላይ ቢያርፍ ማዕዘናቱ ስለማያውቁት ጨርሶ ይጠፋል።

ፎንግ በእነዚህ ላይ አንድ የአኒሜሽን ጉዳይ ጨመረበት፤ ምናልባትም የመጣጥፉ ጥልቅ ምልከታ ይህ ነው። ቅርጹ በፊልም ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ወደ ብርሃኑ ቀጥታ የዞረ ጎነ ብዙ በአንዱ ምስል ላይ ወጥ ቀለም ይይዛል፤ በሚቀጥለው ምስል ላይ ጥቂት ዘወር ሲል ግን ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለያያል። ተመልካቹ የሚያየው የሚዞር ዕቃ ሳይሆን፣ ገላው አንዴ የሚያብለጨልጭ አንዴ የሚደበዝዝ ዕቃ ነው። በቆመ ሥዕል ላይ ይቅር ሊባል የሚችል ስሕተት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ላይ ራሱን ያጋልጣል። ዛሬም በአኒሜሽን ጥናት አንድን ዘዴ በአንድ ቆንጆ ምስል ብቻ መመዘን አሳሳች የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መካፈል ያለበት የብርሃኑ መጠን ሳይሆን የገጹ አቅጣጫ፣ ማለትም ከገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኖርማል ቬክተር ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ኖርማል ያገኛል፤ ብርሃኑም ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይሰላል። ጎነ ብዙው ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ብርሃኑ እንደ ክብ ገላ ያየዋል። ከሁለቱ «ፎንጎች» የመጀመሪያው ይህ የአሞላል ዘዴ ነው።

ሁለተኛው የነጸብራቅ ቀመሩ ነው። በቀመሩ መሠረት በአንድ ነጥብ ላይ የሚታየው ብርሃን ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በአካባቢው የተሰራጨ ቋሚ ብርሃን፣ በላምበርት ሕግ መሠረት በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚበተን ብርሃን፣ እና እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ነጸብራቅ። ሦስተኛው የሚለካው በነጸብራቁ አቅጣጫና በተመልካቹ መካከል ያለው ማዕዘን ኮሳይን በአንድ አርቢ ከፍ ተደርጎ ነው። አርቢው ምን እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ማዕዘኑ 20 ዲግሪ ሲሆን ኮሳይኑ 0.94 ያህል ነው። አርቢው 10 ቢሆን ውጤቱ 0.54፣ አርቢው 50 ቢሆን ግን 0.04 ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ብርሃኑ እንደ አሮጌ ቆዳ ሰፋ ብሎ ይፈዛል፤ በሁለተኛው እንደ ተወለወለ ሸክላ ጠበብ ብሎ ያበራል። ሠዓሊው አንድን ቁጥር ብቻ በመለወጥ የዕቃውን ባሕርይ ይለውጣል።

ሁለቱን ሐሳቦች በኮምፒዩተር ለሚተገብር ተማሪ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። በሁለት ማዕዘናት ላይ ያሉት ኖርማሎች እያንዳንዳቸው ርዝመታቸው 1 ቢሆንም፣ የመካከላቸው አማካይ ከ1 ያጥራል። በመካከላቸው 60 ዲግሪ ቢኖር አማካዩ 0.866 ነው። ብርሃኑም ተመልካቹም ከዚህ ኖርማል ትይዩ ቢቆሙ የነጸብራቁ ዋጋ 1 መሆን ሲገባው፣ ርዝመቱ ካልተስተካከለ የኮሳይኑ ቦታ 0.5 ይይዛል፤ በ10 አርቢም ወደ አንድ ሺኛ ይወርዳል። ዘዴው ሊያሳየው የተፈጠረለት አብረቅራቂ ነጥብ በዚያው ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ በየፒክስሉ ርዝመትን ማስተካከል ግድ ነው፤ ይህም በየፒክስሉ አንድ ስኩዌር ሩትና ማካፈል ይጠይቃል።

የሁለቱ ዕጣ የተለያየው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ ርካሽ ስለ ነበር ወዲያው ተስፋፋ። ጄምስ ብሊን በ1977 የነጸብራቁን አቅጣጫ በብርሃኑና በተመልካቹ መካከል ባለው አጋማሽ ቬክተር ተክቶ አቀለለው፤ በ1992 የወጣው ኦፕንጂኤልም ይህንኑ የብሊን መልክ ተቀበለ። ነገር ግን ኦፕንጂኤል ቀመሩን ያሰላ የነበረው በማዕዘናት ላይ ብቻ ሲሆን መካከሉን የሚሞላው በጉሮ ዘዴ ነበር። የፎንግ ቀመር በጉሮ አሞላል ሲሠራ ኖረ ማለት ይቻላል፤ ለሁለቱ ስሞች መደባለቅ ዋነኛ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በየፒክስሉ የማስላት ዘዴው በተራው ሰው ኮምፒዩተር ላይ በቅጽበት ሊሠራ የቻለው ፕሮግራም የሚደረጉ የግራፊክስ ካርዶች በ2001 ገደማ ወደ ገበያ ከገቡ በኋላ ነው። ሐሳቡ መሣሪያውን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ጠበቀ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ በየፒክስሉ ማስላት የቅጽበታዊ ሥዕል የዘወትር ልማድ ሲሆን፣ ቀመሩ ግን ከከፍተኛ የፊልም ሥራ ወጥቷል።

ቀመሩ የወጣበት ምክንያት ፊዚክስ ነው። ከሚቀበለው በላይ ብርሃን ሊመልስ ይችላል፤ ብረትን ከፕላስቲክ በወጉ አይለይም፤ ለረጅም ዘመን በኮምፒዩተር የተሠራ ዕቃ ሁሉ ፕላስቲክ የመሰለውም በከፊል በእርሱ ሰበብ ነው። ሮበርት ኩክና ኬኔት ቶራንስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የገጽን ጥቃቅን ሻካራነት ያሰላ ሞዴል አቀረቡ፤ ጄምስ ካጂያ በ1986 የብርሃን ዝውውርን በሙሉ በአንድ እኩልታ ጠቀለለ። ይህ ሁሉ ግን ፎንግን የሚያስነቅፍ አይደለም። እርሱ ዕቃውን ልክ እንደ ተፈጥሮው የማሳየት ዓላማ እንደሌለው፣ የሚሻው ለተመልካቹ በቂ የእውነት ስሜት የሚሰጥ ቅርብ ምስል መሆኑን በመጣጥፉ ውስጥ በግልጽ አስፍሯል። የጥያቄውን ድንበር ራሱ አስምሯል፤ ሁለት ዓመትም ለዚያ ድንበር በቅቷል። ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ትችት ያቀኑት እርሱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ወደ ጠቆመው ጎን ነው።

ከዩታ በኋላ ፎንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ብዙ አልቆየም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በቬትናም ሥርዓት የቤተ ሰብ ስም ከፊት ይቀድማል፤ ስለዚህ የቤተ ሰቡ ስም ቡይ ሲሆን ፎንግ የራሱ የመጠሪያ ስም አካል ነው። ቬትናማውያንም እንደ ኢትዮጵያውያን ሰውን የሚጠሩት በራሱ ስም ነው። የምዕራቡ ዓለም ጸሐፍት የመጨረሻውን ቃል የቤተ ሰብ ስም አድርገው ስለ ወሰዱት ዘዴው «የፎንግ» ተባለ፤ በአንዳንድ የዋቢ ዝርዝሮች ውስጥ ግን በቡይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የአንድ ሰው አንድ ሥራም በሁለት ፊደል ሥር ተበትኖ ይቆጠራል። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በውጭ መጽሔት ላይ ሲያሳትም የሚገጥመው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የሚመዘገበው የአባቱ ወይም የአያቱ ስም ሲሆን የራሱ ስም ወደ አንዲት ፊደል ያጥራል። ፎንግ ከዚህ አንጻር በአጋጣሚ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ ግርኖብልም ሆነ ዩታ ሳለ ጓደኞቹ ሊጠሩት ይገባ በነበረው ስም፣ በራሱ ስም፣ ይጠቀሳል።